«ቻርጅ»፦ ማን በማን ላይ ምን ጫነ?

በዋሽንግተን ዲሲ በፍርድ ቤትና በሆስፒታል ለረጅም ዘመን ያስተረጎሙ አዛውንት፣ ሙያውን ገና ከጀመረች ወጣት ጋር ያደረጉት ምልልስ ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አስቸግሮኛል፤ «ቻርጅ» የሚሉት። ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ስል ትርጉሙ ግልጽ ነው። ፖሊስ ሲለው ግን ክስ ይሆናል፤ የሆስፒታል ሂሳብ ላይ ሲጻፍ ዋጋ፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊነት። መዝገበ ቃላት ብገልጥ ዝርዝሩ አያልቅም። ሁሉንም በቃሌ ልያዘው?

መላሽ፦ በቃልሽ የያዝሽው ዝርዝር ችሎት ፊት ስትቆሚ ይጠፋብሻል ልጄ። ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የሕጉ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፈረንሳይኛ ነበር። ይህም ቃል የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ያገኘው ከላቲን ነው። በላቲን «ካሩስ» ጋሪ ማለት ሲሆን ከእሱ የወጣው ግስ «ጋሪ ላይ ጫነ» ማለት ነው። የመርከብና የአውሮፕላን ጭነት የምንጠራበት «ካርጎ»ም የዚሁ ዘር ነው።

ጠያቂ፦ መነሻው «ጫነ» ከሆነ ለእኛ ቅርብ ነዋ!

መላሽ፦ ቅርብም ሩቅም ነው። በአማርኛ አጋሰስ ይጫናል፣ ንጉሥ ዘውድ ይጭናል፣ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ይጫናል። የእንግሊዝኛው ጭነት ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። በሰው ላይ ጥፋት ሲጫን ክስ፣ ዕዳ ሲጫን ዋጋ፣ አደራ ሲጫን ኃላፊነት ሆነ። ጠመንጃ ውስጥ የሚገባውም ባሩድ በዚሁ ስም ተጠራ። እኛ ግን ጥይት እናጎርሳለን፣ ክስ እንመሠርታለን፣ ዋጋ እንጠይቃለን፣ ኃላፊነት እንሰጣለን። እነሱ በአንድ ቃል የሚያልፉትን እኛ በአራት እንናገረዋለን። ስለዚህ ለ«ቻርጅ» አንድ ቋሚ የአማርኛ ምትክ አትፈልጊ፤ የለውም።

ጠያቂ፦ የኤሌክትሪኩስ ከየት መጣ?

መላሽ፦ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ኤሌክትሪክን ሲመረምር፣ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ኤሌክትሪክ ማጠራቀሙን በዚህ የመጫን ቃል ጠራው። ብዙ ማሰሮ ጎን ለጎን አገናኝቶ ሲያሠራ ደግሞ «ባትሪ» አለው። ባትሪ በዚያን ጊዜ አብረው የሚተኩሱ መድፎች ስብስብ ስም ነበር። ዛሬ ስልክሽ ውስጥ ያለው ባትሪ ስሙን ያገኘው ከመድፈኞች ነው።

ጠያቂ፦ ታሪክ ሳነብ ደግሞ ፈረሰኛ ጠላቱ ላይ ሲጋልብ «ቻርጅ» ይባላል። እዚህ ጭነቱ የቱ ነው?

መላሽ፦ ቃሉ መሣሪያን ለውጊያ ማዘጋጀትንም ይገልጽ ነበር፤ ከዝግጅቱ ወደ ራሱ ጥቃት ተሻገረ። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1854 ባላክላቫ ላይ ከ600 በላይ የእንግሊዝ ፈረሰኞች ወደ ሩሲያ መድፎች የጋለቡት ግልቢያ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። ፈረሱንም «ቻርጀር» ይሉታል። ይኸው «ቻርጀር» እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደግሞ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ የቀረበበት ወጪት ነው። የዛሬ ልጅ ያንን ቃል ሲያይ የስልክ ገመድ ቢታሰበው አይፈረድበትም።

ጠያቂ፦ ወደ ሥራዬ ልመለስ። ችሎት ውስጥ በምን ልለየው?

መላሽ፦ አጠገቡ በቆመው ቃል። «ቻርጅድ ፎር» ካለ ገንዘብ ተጠይቋል። «ቻርጅድ ቱ» ካለ ሂሳቡ የሚመዘገብበትን ያመለክታል። «ቻርጅድ አት» ካለ ሰው ወይም እንስሳ ተንደርድሮ መጥቷል። «ቻርጅድ ዊዝ» ካለ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠብቂ፤ ወንጀል ከሆነ ተከሷል፣ ሥራ ከሆነ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። አንድ ኮሚቴ በዚሁ አነጋገር ምርመራ እንዲያካሂድ ይታዘዛል፤ ኮሚቴው ተከሰሰ ብለሽ እንዳትተረጉሚ።

ጠያቂ፦ ዳኛው ጁሪውን «ቻርጅ አደረገ» ሲባልም ሰምቻለሁ።

መላሽ፦ እሱ ክስ አይደለም። ጁሪው ለውሳኔ ከመግባቱ በፊት ዳኛው ሕጉን ያስረዳዋል፣ መመሪያ ይሰጠዋል ማለት ነው። ሌላም አደራ አለብሽ፦ መከሰስ ጥፋተኛ መባል አይደለም። የተከሰሰ ወገንሽን «ወንጀለኛ ነህ ተብለሃል» ብለሽ ከተረጎምሽለት ሕጉ ያልፈረደበትን አንቺ ፈረድሽበት። «ቻርጁ ድሮፕ ተደረገ» ሲባልም ዋጋው ቀነሰ ማለት ሳይሆን ክሱ ተነሣ ማለት ነው።

ጠያቂ፦ «ኢን ቻርጅ» የሚለው ግን ቀላል ነው፤ ኃላፊ ማለት ነው።

መላሽ፦ ቀላል የሚመስለው ነው የሚያስተው። ነርሷ የልጁ «ኢን ቻርጅ» ናት ከተባለ ኃላፊዋ እሷ ናት። ልጁ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» ነርሷ ነው ከተባለ ግን ልጁ በእሷ ጥበቃ ሥር ነው። «ዘ» የምትባለው ትንሽ ቃል ስትገባ ጠባቂና ተጠባቂ ቦታ ይለዋወጣሉ። በአሳዳጊነት ክርክር ላይ ይህ ከተምታታብሽ ልጁ በማን እጅ እንዳለ መዝገቡ ላይ ይገለበጣል።

ጠያቂ፦ «ዲስቻርጅ»ስ? በሆስፒታል በየቀኑ ነው የምሰማው።

መላሽ፦ እሱ ጭነት ማራገፍ ነው። መርከብ ዕቃውን ያራግፋል፤ ወታደር ከሠራዊት ይሰናበታል፤ የከሰረ ሰው በፍርድ ቤት ከዕዳው ነፃ ይባላል፤ ታማሚ ከሆስፒታል ይወጣል። አደገኛው ግን ሌላ ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ዘንድ ሐኪሙ ገብቶ «ዲስቻርጅ አለ?» ቢላት፣ የሚጠይቀው ከቁስሉ መግል ወይም ፈሳሽ ይወጣ እንደሆነ ነው። አንቺ «ልትወጪ ነው ወይ?» ብለሽ ብትተረጉሚ፣ እሷ «አይ፣ ገና ነኝ» ትልሻለች። ሐኪሙ ቁስሉ ደረቅ ነው ብሎ ይጽፋል፤ ኢንፌክሽኑ ሳይታይ ያልፋል።

ጠያቂ፦ ያስፈራል ጋሼ። ሁሉንም ማወቅ አልችልም።

መላሽ፦ ሁሉን እንድታውቂ ማንም አይጠብቅብሽም። ቃሉን ስትሰሚ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ጫኙ ማነው? የተጫነው ምንድን ነው? ያረፈውስ በማን ላይ ነው? ሦስቱ ከተመለሱልሽ አማርኛው ራሱ ይመጣልሻል። ካልተመለሱ እጅሽን አንሺና «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» በይ። ይህ የሙያው ደንብ የሚፈቅደው ነው፤ ዳኛም ሐኪምም አይቆጣሽም።

ጠያቂ፦ ሰው ግን ቋንቋ አታውቅም ይለኛል ብዬ እፈራለሁ።

መላሽ፦ የጠየቀ አስተርጓሚ አያፍርም፤ የገመተ ነው የሚያፍረው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል። ሕጉ አስተርጓሚ ያቀርባል እንጂ ትክክለኛውን ቃል አያቀርብም፤ ያ የአንቺ ሥራ ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ እናትና አባት መዳናቸውንም ነፃ መውጣታቸውንም በአንቺ አንደበት ነው የሚሰሙት። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ቃል ሳትጠይቂ አትተርጉሚ።