ብዙ ያልታወቁ ቀይ የወይን ዝርያዎች፤ ከጆርጂያ አነስተኛ ጠማቂዎች የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በጆርጂያ ከ500 በላይ አገር በቀል የወይን ዝርያዎች ይታወቃሉ። በሶቪየት ዘመን የመንግሥት ፋብሪካዎች ብዙ ምርት በሚሰጡ ጥቂት ዝርያዎች ላይ ስላተኮሩ፣ ከቀሩት ብዙዎቹ ተጠብቀው የቆዩት በገበሬው ጓሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሩሲያ የጆርጂያን ወይን ጠጅ አገደች፤ እገዳው እስከ 2013 ቆየ። በአንድ ገበያ መመካት የሚያስከትለው ጉዳት በዚህ ታየ። አነስተኛ ጠማቂዎችም የጓሮውን ዝርያ ለየብቻ እየጠመቁ ሌላ ገበያ ፈለጉ።

የዝርያውን ጠባይ ማወቅ

ሀ/ አበባ፦ ታቭክቬሪ የተባለው ቀይ ወይን አበባው ሴቴ ነው። ብቻውን ቢተከል በሚገባ አያፈራም። በአቅራቢያው፣ በአንድ ወቅት የሚያብብ ሌላ ዝርያ መተከል አለበት።

ለ/ የመድረሻ ጊዜ፦ ኦጃሌሺ ዘግይቶ ይደርሳል። ቀድሞ ከሚደርስ ዝርያ ጋር በአንድ ቀን ቢለቀም ስኳሩ ያንሳል፣ ኮምጣጣነቱ ይበዛል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ የሚገኝ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ስለዚህ ከለቀማ በፊት ስኳሩ በመሣሪያ ይለካ።

ሐ/ ቀለም፦ የአብዛኛው ቀይ ወይን ቀለም ከልጣጩ ይገኛል፤ የሳፔራቪ ግን ሥጋውም ቀለም አለው። ስለሆነም ጭማቂው ከልጣጩ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ለሁሉም ዝርያ እኩል አይሆንም።

አጠማመቅ

ጆርጂያውያን ቅቬቭሪ በሚባል፣ እስከ አፉ መሬት ውስጥ በተቀበረ ጋን ይጠምቃሉ። ወይኑ ሲፈላ ልጣጩ ይንሳፈፋል። በየቀኑ ደጋግሞ ወደ ታች ካልተደፈቀ ይደርቃል፤ ወይኑም ወደ ኮምጣጤ ሊለወጥ ይችላል። ፍላቱ ሲያበቃ ወይኑ ከልጣጩ ተለይቶ ወደ ንጹሕ ጋን ይገለበጣል፤ አየር እንዳይገባበትም ጋኑ እስከ አፉ ሞልቶ ይከደናል።

ማስጠንቀቂያ

ከሚፈላው ወይን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ በጋንና በምድር ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል። ቦታው በሚገባ ሳይናፈስ ማንም አይግባ። ሰው ብቻውን አይሥራ። የወደቀ ሰው ቢታይ እንኳ ተከትሎ ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሞት ያስከትላል።

ለልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት

1. ችግኝ ከመታደሉ በፊት የአበባው ዓይነት ይጣራ።
2. እያንዳንዱ ዝርያ በመስኩ ላይ ምልክት ይደረግበት።
3. ለየብቻ ይለቀም፣ ለየብቻ ይጠመቅ፤ የለቀማው ቀንና የስኳሩ መጠን ይመዝገብ።

በአንድ ጋን የተደባለቀ ወይን ስለየትኛውም ዝርያ አያስተምርም። ጠባዩ ያልታወቀ ዝርያ ደግሞ ሳይፈተን ተነቅሎ ይጣላል።