በቃኝ ስለ ማለትና ስለ እጅ ሥራ

ከሳምንቱ ድካም በኋላ ቤትን ጠርጎ፣ ልብስን አጥቦ፣ ከዚያም እንዝርት ወይም የሹራብ መርፌ ይዞ በጸጥታ መቀመጥ ብዙዎች እንደ ተራ ነገር የሚቈጥሩት፣ አንዳንዶችም ለመንፈሳዊ ሕይወት ዕንቅፋት አድርገው የሚያዩት ሆኖ አግኝተነዋል። እንዲህ የሚያስቡት ምእመናን ከክፋት ሳይሆን ማርታን ከማርያም በማበላለጥ የተነገረውን ቃል አጥብቀው ከመያዛቸው የተነሣ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ግን የእጅን ሥራ አይንቅም። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ፣ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል እንደ ነበረ አበው ነግረውናል፤ ሠዓልያንም እንዝርቱን በእጇ አድርገው ሥለውልናል። አባ እንጦንስም በበረሃ ሳለ ልቡ ተሰላችቶ በተጨነቀ ጊዜ፣ ተቀምጦ ገመድ የሚታታ፣ ተነሥቶ የሚጸልይ፣ ዳግመኛም ወደ ሥራው የሚመለስ መልአክ ታይቶት የሚኖርበትን ሥርዓት ከዚያ እንደ ተማረ በአበው ዜና ተጽፎ ይገኛል።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ የእናቶቻችንን ፈትል ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ጥጡ መጀመሪያ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፤ ቀጥሎም በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው ከተዘጋጀ በኋላ አንዱ እጅ ባዘቶውን ይዞ ሲስብ ሌላው እንዝርቱን ያሾራል። የቸኰለ ሰው ክሩን ይበጥሰዋል፤ ልቡ የባከነም ያወፍረዋል። እጅ በዚህ ሲጠመድ አፍ ነፃ ነውና፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ የምታውቅ እናት ልቃቂቱ ሳይሞላ ጸሎቷን ታደርሳለች። ዳንቴልና ሹራብ ከፈትል በኋላ የመጡ ቢሆኑም ጠባያቸው ከዚህ አይርቅም። እንዲያውም አንድ ብልጫ አላቸው፤ የተሳሳተው ይተረተርና ያው ክር እንደ ገና ይሠራበታል።

«ይህ ሁሉ በሰንበት ይደረጋልን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ መጠየቁም መልካም ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኗል። ደገኞቹ እናቶቻችን ዓርብ ሲመሽ እንዝርታቸውን የሚያስቀምጡት ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ ግን ለብዙ የከተማ ሠራተኛ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር የሚያርፍበት ቀን የለውም። በእኛ አስተያየት፣ ቅዳሴን ትቶ ለትርፍ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሶ ቤትን ማሰናዳት፣ የታመመ ጎረቤትንም ልብስ ማጠብ ሌላ ነገር ነው። ጌታችን በሰንበት ድውያንን እንደ ፈወሰ እናስታውስ። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከርበት፤ እንዝርቱም በሌሎቹ ምሽቶች ቦታ አያጣም።

እስከዚህ የተናገርነው ጣራው ለጸናለት ሰው ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ የከተማው ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረበት ቆሼ የሚባል ስፍራ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ የ3 ቀን ብሔራዊ ኀዘንም ታወጀ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም፣ ዕለቱም ቅዳሜ ነበረ። ሰው ወደ ቤቱ በሚሰበሰብበት ሰዓት ሆነና፣ ሞት ብዙዎቹን ያገኛቸው እኛ በምናመሰግነው ስፍራ፣ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነው።

እንግዲህ በቃኝ ማለትን የምናስተምር ሁሉ ለማን እንደምንናገር ማስተዋል ይገባናል። ሌሎች የጣሉትን ለቅሞ ለሚኖር ሰው «ያለህ ይብቃህ» ብንለው ትምህርታችን ሽንገላ ይሆናል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተራቈተውንና የተራበውን በቃል ብቻ የሚያሰናብቱትን ነቅፏል። በቃኝ ማለት ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ ስለ ባልንጀራው ሲሆን ገና አልበቃውም ይበል።

ከዚያው ከቆሼ አቅራቢያ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል ይገኛል። ስፍራው ከዚያ አስቀድሞ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ የሕክምና ቤት ነበረ። በዚያ ግቢ ሥጋ ደዌ ያገኛቸው ሰዎች ጥልፍ እየጠለፉ፣ የትራስ ልብስና የግድግዳ ጌጥ እየሠሩ በእጃቸው ሥራ ኖረዋል። ደዌው የእጅን ስሜት ያጠፋልና መርፌ ቢወጋቸው አይሰማቸውም፤ ሌላው በጣቱ የሚያውቀውን እነርሱ በዐይናቸው መጠበቅ አለባቸው። ብዙዎቻችን እነዚህን እጆች የምናውቃቸው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለምጽዋት ተዘርግተው ነው። የትራስ ልብሱን የገዛ ሰው ግን የሥራን ዋጋ ከፍሎ ሄደ። የሰንበቴ ማኅበራት ለመሶባቸው ልብስ፣ ለመቀመጫቸውም ምንጣፍ በፈለጉ ጊዜ፣ ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንዲህ ያሉ እጆች የሠሩትን ቢጠይቁ መልካም ይመስለናል።