የቆየ የጃዝ ጊታር እንዴት ይታደሳል?

ጊታር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ጊዜ የምናየው ጊታር ፊቱ እንደ ገበታ ዝርግ ነው፤ የቀድሞ የጃዝ ሙዚቀኞች ይመርጡት የነበረው ግን ፊቱም ጀርባውም እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ይህ መሣሪያ ባረጀ ጊዜ የሚያድሰው ሰው አሠራሩን ያላወቀ እንደ ሆነ፣ አዳንኩ ሲል ድምፁን ለዘለዓለም ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ አስቀድመን ታሪኩንና ጠባዩን፣ ቀጥለንም የእድሳቱን ሥርዓት እንመልከት። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

1ኛ. ታሪኩ

የዚህን አሠራር መሠረት የጣለው ኦርቪል ጊብሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ ተቀምጦ የማንዶሊንና የጊታር ፊት ከወፍራም እንጨት እየፈለፈለ ይቀርጽ ነበር። በ1898 ስለ ማንዶሊን አሠራሩ የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1902ም በስሙ የሚጠራው ኩባንያ በዚያው ከተማ ተቋቋመ። ኩባንያው በ1922 ኤል-5 የተባለውን ጊታር አወጣ። በዚያን ጊዜ በኩባንያው ይሠራ የነበረው ሎይድ ሎር በክቡ ቀዳዳ ፈንታ የላቲኑን «ኤፍ» ፊደል የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች በግራና በቀኝ እንዲሆኑ አደረገ። በኒው ዮርክም ጆን ዳንጀሊኮ ከ1932 ጀምሮ በ1964 እስኪሞት ድረስ እንዲህ ያሉትን ጊታሮች በእጁ ይሠራ ነበር።

ይህ ሁሉ የተደከመው ጊታር በጥሩምባና በከበሮ መካከል እንዲሰማ ነው። በ1937 ከካውንት ቤዚ ባንድ የገባው ፍሬዲ ግሪን ያለ ኤሌክትሪክ ማጉያ በመምታት የታወቀ ነበር። በ1939 ግን ቻርሊ ክርስቲያን በቤኒ ጉድማን ባንድ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጊታር ዜማ በመጫወት አዲስ መንገድ አሳየ።

2ኛ. ድምፁ ከየት ይመጣል?

በዝርግ ጊታር ክሮቹ ከፊቱ ላይ በሙጫ ከተጣበቀ እንጨት ጋር ይታሰራሉ። በጎባጣው ጊታር ግን ክሮቹ ከግርጌው ካለ ብረት ላይ ታስረው በድልድዩ ላይ ብቻ ያልፋሉ፤ ድልድዩንም ወደ ታች ይጫኑታል። በማሲንቆ ክሩ በትንሿ እንጨት አማካይነት ቆዳውን እንደሚያንቀጠቅጥ ሁሉ፣ በዚህም ክሩ በድልድዩ አማካይነት ቀጭኑን የእንጨት ፊት ያንቀጠቅጠዋል። ፊቱ ስፕሩስ ከተባለ ቀላል እንጨት፣ ጀርባውና ጎኑ አብዛኛውን ጊዜ ሜፕል ከተባለ ጠንካራ እንጨት ይሠራል። ፊቱ ከመጠን በላይ ቢወፍር ድምፁ ይታፈናል፤ ከመጠን በላይ ቢሳሳ ደግሞ በክሮቹ ጭነት ይሰምጣል። እንግዲህ የመሣሪያው ሕይወት በፊቱ ውፍረት ላይ የተመሠረተ ነው።

3ኛ. የእድሳቱ ሥርዓት

ሀ) መመርመር። አዳሹ በትንሽ መስተዋትና በመብራት ውስጡን ያያል። የተሰነጠቀውን፣ የተላቀቀውንና ቀድሞ የተጠገነውን ለይቶ ይጽፋል። በውስጡ የተለጠፈ ወረቀት ቢኖር የመሣሪያው ምስክር ነውና አይነካም።

ለ) ሙጫውን ማወቅ። የቀድሞ ሠራተኞች ከእንስሳ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ያጣብቁ ነበር። ይህ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለሰልስ መጋጠሚያው እንጨቱ ሳይሰበር ሊፈታ ይችላል። በማይፈታ ዘመናዊ ሙጫ የተጠገነ እንደ ሆነ ግን የሚቀጥለው አዳሽ ብዙ ይቸገራል።

ሐ) ስንጥቁንና አንገቱን ማቃናት። ስንጥቁ ተገጥሞ ይጣበቃል፤ ከውስጥም ትንንሽ ቁራጭ እንጨቶች ይደገፉለታል። በብዙ ዘመን የክር ጉተታ የተዛነፈ አንገት ከመጋጠሚያው ተፈትቶ በትክክለኛው ማዕዘን ይመለሳል።

መ) ሴሉሎይዱን መለየት። ጣት ከፊቱ በላይ የሚያርፍበት ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከሴሉሎይድ ይሠራ ነበር። ሴሉሎይድ ሲበሰብስ አሲድነት ያለው ትነት ስለሚያወጣ በአጠገቡ ያለውን ብረት ያዝጋል። ስለዚህ ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጣል።

ሠ) ቫርኒሹን መተው። ብዙ ሰው ጊታሩ እንዲያብረቀርቅ ብሎ አሮጌውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከቫርኒሹ ጋር ግን እንጨቱም አብሮ ይፋቃል፤ የተፋቀም እንጨት ተመልሶ አይበቅልም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን ያፈሰሰ ሰው መልቀሚያም የለው።

4ኛ. አከራካሪው ነገር

የኤሌክትሪክ ጊታር ከተስፋፋ በኋላ አንዳንድ ባለቤቶች የድምፅ መቀበያ ለመትከል የቆዩ ጊታሮቻቸውን ፊት ቆርጠዋል። ታዲያ ይህ ቀዳዳ ይደፈን ወይስ ይቅር? ይደፈን የሚሉ፣ ሠራተኛው ያሰበው ድምፅ ሊመለስ ይገባል ይላሉ። ይቅር የሚሉ፣ ቀዳዳውም ጊታሩ ያለፈበት ዘመን ታሪክ ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት ፊቱ እየሰመጠ ከሆነ መደገፍ ግዴታ ነው፤ ያለ ችግር የሚዘፍን ከሆነ ግን ለመልኩ ብቻ ሌላ መቁረጥ አይገባም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለጊታር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አሮጌ ነገርን የሚያድስ ሰው ሦስት ነገር ይጠብቅ፤ ሳያውቅ አይንካ፣ የሠራውን ይጻፍ፣ የሠራውም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ሊፈታ የሚችል ይሁን። አዲስ ማስመሰል ቀላል ነው፤ አሮጌውን በድምፁ ማኖር ግን ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል።