መብራት ሳለ መሙላት፦ በፎገራ ሜዳ ለሞዴል አውሮፕላንና ለድሮን የሊትየም ባትሪ አመራረጥና አሞላል

በወረታና በዙሪያዋ መብራት ሲኖር የሚሞላ ነገር ሁሉ ይሞላል። የነገው መብራት እርግጠኛ ስላልሆነ ስልኩም፣ የእጅ ባትሪውም፣ ኮምፒውተሩም የዛሬው ሳያልፍ ይሰካሉ። ልማዱ ምክንያታዊ ነው፤ በስልክ ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት ጥቂት ነው። በሬዲዮ ለሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖችና ለትንንሽ ድሮኖች በሚያገለግለው የሊትየም ፖሊመር ባትሪ ላይ ግን ይኸው ልማድ ዕድሜ ያሳጥራል፤ አንዳንዴም ለእሳት ይዳርጋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ባትሪው መቼ መሙላት እንዳለበት የሚወስነው የመብራቱ መኖር ሳይሆን የበረራው ሰዓት ነው የሚል ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ስሌትም ከዚህ በታች ቀርቧል።

ጉዳዩ ከመዝናኛ ያለፈ ነው። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ዝቅተኛ መሬት ነው። የሩዝ ምርቱ የታወቀ ነው፤ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በወረታ ነው። የጎርፍን ወሰን መከታተል ወይም የሙከራ መደቦችን አረንጓዴነት ከአየር ላይ ማነጻጸር ለሚሻ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ አነስተኛ ካሜራ የተሸከመ ሞዴል ከሳተላይት ምስል የተሻለ ዝርዝር ይሰጣል፤ በክረምት ደግሞ ከደመናው በታች መብረሩ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። የበረራ ፈቃድ ከሚመለከታቸው አካላት አስቀድሞ መገኘት አለበት፤ እሱ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

የአየሩ ቅጥነትና የባትሪው መጠን

በአምራቾች መግለጫ ላይ የሚጻፈው የበረራ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የባሕር ጠለልን አየር መነሻ ያደረገ ነው። ሜዳው ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ወደ 81.5 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ እፍጋት 77 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በአንድ ቦታ ተንሳፎ ለመቆም የሚያስፈልገው ኃይል ከእፍጋቱ ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ያው ድሮን ያንኑ ክብደት ይዞ ለመንሳፈፍ ወደ 14 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል።

በምሳሌ እንየው። 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝንና በባሕር ጠለል 200 ዋት የሚፈጅ ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን እንውሰድ። ባትሪው ባለ አራት ሴል፣ 14.8 ቮልትና 5 አምፒር-ሰዓት ቢሆን የሚይዘው ጉልበት 74 ዋት-ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶው ብቻ ጥቅም ላይ ይዋል ብንል፣ በባሕር ጠለል ወደ 17.8 ደቂቃ፣ በወረታ ደግሞ ወደ 15.6 ደቂቃ ይበራል። የመጀመሪያው ፈተና «ታዲያ ትልቅ ባትሪ ልግጠም» ማለት ነው። ነገር ግን የሚፈለገው ኃይል ከክብደቱ ይልቅ በፈጠነ መጠን ይጨምራል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ሁለተኛ ተመሳሳይ ባትሪ ብንጨምር ክብደቱ 2 ኪሎ ይሆናል፤ ፍጆታው ከ227 ወደ 350 ዋት ያድጋል፤ የበረራው ጊዜም 20.3 ደቂቃ ላይ ይቆማል። የባትሪው ዋጋ በእጥፍ ሲያድግ የበረራው ጊዜ የሚያድገው በ30 በመቶ ነው። በእኔ ግምገማ ለመስክ ሥራ ሁለት ባትሪ ይዞ ሁለት ጊዜ መብረር ሁለቱን አንድ ላይ ከመሸከም ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽም ሥራው አይቆምም።

በባትሪው ላይ ከቮልቱና ከአቅሙ ቀጥሎ የሚታየው ቁጥር «ሲ» በምትባለው ፊደል ይገለጻል። አንድ ሲ ማለት ባትሪውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶ የሚያደርግ የጅረት መጠን ነው፤ ለ5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 5 አምፒር ማለት ነው። «30 ሲ» የሚል ጽሑፍ 150 አምፒር እንደሚሰጥ ይናገራል። ከላይ የጠቀስነው ድሮን ግን በመንሳፈፍ ላይ ሳለ የሚስበው 15 አምፒር ያህል ነው፤ ይህም 3 ሲ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርታ ለማንሳት በእርጋታ ለሚበር ሞዴል ከፍተኛ የሲ ቁጥር ላለው ባትሪ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ትርጉም የለውም፤ ቁጥሩም በሻጮች ዘንድ አለቅጥ የሚጋነን ነው። ለክንፋማ ሞዴል፣ ማለትም በክንፉ ተንሳፍፎ በአነስተኛ ኃይል ለሚጓዘው፣ ሲሊንደር ቅርጽ ያላቸው የሊትየም አዮን ሴሎች ይሻላሉ፤ በኪሎ ግራም ከ200 ዋት-ሰዓት በላይ ይይዛሉ፣ የሊትየም ፖሊመሩ ግን በአብዛኛው ከ130 እስከ 180 ነው። ለባለ አራት ፕሮፔለሩ ድሮን ሲሆን ሴሎቹ ከሚችሉት የጅረት ጣሪያ ጋር ስለሚቀራረቡ፣ በነፋስ ላይ ድንገት ኃይል ሲጠየቁ ቮልታቸው ይወርዳል። የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ክብደቱ ከፍ ቢልም ለእሳት ያለው ዝንባሌ ያነሰ ነው፤ በመሬት ላይ ላለው ጣቢያ ተመራጭ ነው።

ሞልቶ የሚጠብቅ ባትሪ

አንድ የሊትየም ፖሊመር ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ መሄድ የለበትም፤ ከ3 ቮልት በታችም መውረድ የለበትም፤ ከበረራ በኋላ ሲያርፍ 3.6 ቮልት አካባቢ ቢገኝ ጤናማ ነው። በእነዚህ ወሰኖች መካከል ሴሉ የሚመቸው 3.8 ቮልት ገደማ ላይ፣ ማለትም በግማሽ ሙሌት አካባቢ ነው። 4.2 ቮልት ላይ ተሞልቶ የተቀመጠ ሴል በውስጡ ያለው ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ ጋዝ ይፈጠራል፤ ለስላሳው ከረጢት ያብጣል፤ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል። ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ ሞልቶ የሚቀመጥ ባትሪ ሳይበር ያረጃል ማለት ነው።

አሁን ይህን ከሜዳው የአየር ጠባይ ጋር እናገናኘው። ሩዙ በሚያድግባቸው በሐምሌና በነሐሴ ምስል ማንሳት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ዝናቡም ይበልጥ የሚጠናው በእነዚሁ ወራት ነው። ተማሪው ማታ መብራት ስላገኘ ስድስት ባትሪ ይሞላል፤ ጠዋት ይዘንባል፤ በማግስቱ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ነፋስ ይነሣል። ባትሪዎቹ ሳምንቱን ሙሉ በ4.2 ቮልት ይቆያሉ። ይህ በአንድ ክረምት ውስጥ ደጋግሞ ሲደርስ ባትሪው በመስከረም አብጦ ይገኛል፤ ጥፋቱም በሻጩ ላይ ይጣላል።

መፍትሔው መብራት ሲገኝ ባትሪውን መሙላት ሳይሆን፣ በዚያ መብራት ሌላ መጠበቅ የማይጎዳው ማከማቻ መሙላት ነው። ለዚህ የሚሆነው በየገጠሩ ለሶላር የሚያገለግለው ባለ 12 ቮልት የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ነው። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ከሊትየሙ ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ሞልቶ መቀመጥ ይስማማዋል፣ የሚጎዳው ባዶውን መቆየት ነው። የሞዴሎቹ ባትሪዎች ደግሞ በ3.8 ቮልት ይቀመጣሉ፤ ሰማዩ ሲከፈትና በረራው ሲወሰን ብቻ ከእርሳስ-አሲዱ ይሞላሉ።

ስሌቱ የሚከተለው ነው። 12 ቮልትና 100 አምፒር-ሰዓት ያለው ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም፤ 600 ይሆናል። በቻርጀሩ የሚባክነውን 15 በመቶ ስንቀንስ 510 ዋት-ሰዓት ይቀራል። ባለ 74 ዋት-ሰዓቱን ባትሪ ከ20 በመቶ ተነሥቶ ለመሙላት 59 ዋት-ሰዓት ስለሚያስፈልግ ስምንት ባትሪ ይሞላል። ከግማሽ ሙሌት ተነሥቶ ሲሆን ግን የሚፈለገው 37 ዋት-ሰዓት ነው፤ ስለዚህ አሥራ ሦስት ባትሪ ይሞላል። በግማሽ ሙሌት ማስቀመጥ የባትሪውን ዕድሜ ከማርዘሙ ባሻገር በሜዳ ላይ ያለችውን ጉልበት ያበረክታታል፤ የመሙያውንም ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ከመሆን ወደ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ያሳጥረዋል።

የአሞላሉ ሥርዓት አጭር ነው። ቻርጀሩ የሊትየም ፖሊመር ምርጫ ያለውና እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ እየለካ የሚያመጣጥን መሆን አለበት፤ ቀጭኑ የማመጣጠኛ ገመድ ሳይሰካ አይሞላም። ጅረቱ ከ1 ሲ አይለፍ። የሴሉ ቁጥር በስክሪኑ ላይና በባትሪው ላይ አንድ መሆኑ በዓይን ይረጋገጥ፤ ባለ ሦስት ሴሉን ባትሪ እንደ ባለ አራት ሴል መሙላት እሳት ለማስነሣት አጭሩ መንገድ ነው። ከበረራ የተመለሰ ባትሪ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። መብራት ሲቋረጥ ቻርጀሩ ከሶኬቱ ይነቀል፤ ቀላል የሆኑ አንዳንድ ቻርጀሮች መብራቱ በሌሊት ሲመለስ ሰው በሌለበት ሙሌቱን ራሳቸው ይቀጥላሉና።

እሳቱ

በሊትየም ባትሪ እሳት የሚነሣው ሲሞላ ብቻ ነው የሚል እምነት አለ። ይህን የሚያፈርስ ማስረጃ ከአገራችን አውሮፕላን ታሪክ ይገኛል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013) ንግሥተ ሳባ የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በለንደን ሂትሮው ቆሞ፣ ማንም ሰው ሳይኖርበት፣ ከኋላ በኩል በእሳት ተያያዘ። የብሪታንያ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪ አካል ምንጩን ያገኘው በአደጋ ጊዜ ቦታ አመልካች መሣሪያ ውስጥ ባለች ትንሽ የሊትየም ማንጋኒዝ ዳዮክሳይድ ባትሪ ላይ ነው። ገመዶቿ ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ስለነበር አጭር ዙር ሳይፈጠር እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ደምድመዋል። ያቺ ባትሪ እንደገና የማትሞላ ዓይነት ነበረች፤ ስለዚህ ከእኛዋ ጋር በኬሚስትሪ አንድ አይደለችም። የሚያመሳስላቸው ግን አለ፦ ማንም ሳይሞላት፣ ማንም ሳይጠቀምባት፣ በተጨፈለቀ ገመድ ብቻ እሳት ሆናለች። የሞዴል ባትሪ ገመዶች በቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲታጨቁ የሚደርሰው ይኸው ነው።

በፎገራ የእሳቱን አደጋ የሚያከብደው ገለባው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዝ ሲታጨድና ሲወቃ፣ ደረቁ ገለባ ለከብት መኖ በየአውድማውና በየቤቱ አጠገብ ይከመራል። ዳርቻው ለጥ ያለና ለማረፊያ የሚመች በመሆኑ ሞዴሉን በአውድማ አጠገብ ማስነሣት ያጓጓል። የመሙያው ቦታ ግን ከክምሩና ከሣር ክዳን ቤት ርቆ፣ ባዶ መሬት ላይ ይሁን። ባትሪው አሸዋ በተደለደለበት ክዳን አልባ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ በአጠገቡም ባልዲ ውኃና ተጨማሪ አሸዋ ይዘጋጅ። አሸዋው እሳቱ ወደ ሌላ እንዳይዛመት ያግዳል፤ የሚያቀዘቅዘውና ቀጣዩን ሴል ከመቀጣጠል የሚያድነው ግን ብዙ ውኃ ነው። ጭሱ መርዛማ የሃይድሮጅን ፍሎራይድ ጋዝ ስለሚይዝ ከነፋሱ አቅጣጫ በላይ መቆም ያስፈልጋል።

በክረምት ሞዴሉ ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ከማሳው የወጣ ባትሪ ደረቅ ቢመስልም አይሞላም። ከሞዴሉ ተነቅሎ፣ የገመዶቹ ጫፎች ለየብቻ በማያስተላልፍ ቴፕ ተጠቅልለው፣ ከቤት ውጭ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይቆይ። ካላበጠ፣ የሴሎቹ ቮልት እርስ በርስ ከተቀራረበ፣ በሚቀጥለውም ቀን ካልተለወጠ፣ በሰው ክትትል በዝቅተኛ ጅረት መሞከር ይቻላል፤ ካበጠ ግን ይወገዳል። ለማስወገድ የጨው ውኃ ውስጥ መንከር በሰፊው ይመከራል፤ ሆኖም ጨዉ የገመዱን ጫፍ አስቀድሞ ስለሚበላው ሴሉ ሳይራገፍ ሊቀር ይችላል። የተሻለው መንገድ ባለ አራት ሴሉን ባትሪ በከባድ መኪና ባለ 24 ቮልት አምፖል ላይ ከቤት ውጭ አገናኝቶ ብርሃኑ እስኪጠፋ ማራገፍ፣ ከዚያም ጫፎቹን ሸፍኖ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚቀበል አካል ማስረከብ ነው። በሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም በመስኖ ቦይ ውስጥ መጣል ጉዳቱን ወደ ውኃው ማሻገር ብቻ ነው፤ የርብና የጉማራ ውኃ ደግሞ መድረሻው ጣና ነው።