የመቂ ወንዝና የፍሬ ዛፎች

ከጉራጌ ተራሮች ብዙ ወንዞች ይወርዳሉ። ዋቤ ወደ ምዕራብ ሄዶ በወልቂጤ በኩል ወደ ግቤ ይገባል። መቂ ግን ከቡታጅራ አገር የሚወርዱትን ምንጮች ሰብስቦ በምሥራቅ ወዳለው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይሄዳል። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ዝዋይ ግን ወደ 1,600 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው በክረምት እየጮኸ ይወርዳል።

በደጋው ያለ ገበሬ እንሰት ይተክላል። እንሰት ታጋሽ ተክል ነው፤ በክረምት የጠጣውን ውሃ በግንዱ ይዞ በጋውን ያሳልፋል። ከተራራው በታች ባለው ወይና ደጋ ደግሞ ሙዝ፥ ማንጎ፥ ፓፓያና አቮካዶ ይበቅላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንግዶች ናቸው፤ ማንጎ ከሕንድ፥ ፓፓያና አቮካዶ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ከኹሉ ይልቅ ፓፓያ አስቸጋሪ ነው። ሥሩ ጥልቅ ስላይደለ ቶሎ ይጠማል፤ ውሃ ቢተኛበት ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። መጠጡን በልክ የሚሻ ዛፍ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ነገሩ የሚከብደው በዚህ ነው። ዛፉ እጅግ የሚጠማው ወንዙ እጅግ በሚያንስበት በበጋ ወራት ነው። የላይኛው ገበሬ ሌሊቱን ኹሉ ውሃውን ወደ ቦዩ ቢመልስ፥ የታችኛው በማለዳ ወርዶ አሸዋ ብቻ ያገኛል። የፓፓያው አበባ ይረግፋል፤ አበባው ከረገፈ በዚያ ዓመት ምን ይሸጣል? ልጆቹንስ በምን ያለብሳል? ስለዚህ ቦይ የሚጋሩ ሰዎች በሽማግሌ ፊት ተራ ያወጣሉ፤ አንዱ ሰኞ ቢያጠጣ ሌላው ማክሰኞ ያጠጣል። ውሃ መሳቢያ ሞተር ከመጣ ወዲህ ግን ተራ መጠበቅ አስቸጋሪ ኾኗል፤ ሞተር አይደክምም፥ እንቅልፍም የለውምና።

ዝዋይም የውሃው መጨረሻ አይደለም። ቡልቡላ የሚባል ወንዝ ከዝዋይ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈሳል። ከአብያታ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ላይ በየቦዩና በየሞተሩ የተቀዳው ኹሉ በመጨረሻ በአብያታ ይጎድላል፤ በሐይቁም ዳር የተሠራው የሶዳ ፋብሪካ የራሱን ቀድቷል። ቀድሞ ውሃ በነበረበት ስፍራ ዛሬ ነጭ ጨው ደርቆ ይታያል። የቀረው ውሃ ጨዉ ስለ በዛ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ትላልቆቹ ነጫጭ ወፎችም ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄዱ።