ሥራ ፈላጊው ከአደባባይ አይሸሸግ



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተጻፈውን የወይን አትክልት ባለቤትና የሠራተኞቹን ምሳሌ ያልሰማ ምእመን ያለ አይመስለኝም። መምህራን ይህን ምሳሌ ሲያስተምሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኵሩት ማለዳ የገቡትና በመጨረሻ የገቡት እኩል በመከፈላቸው ላይ ነው። እኔ ግን በለንደን ከተማ ሥራ አጥቼ በተቀመጥሁበት ዘመን ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። እነዚያ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በገበያ ቆመዋል። በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት ሌሎች ሲጠሩ ተመልክተዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ለእኛ ሰዓታችን ስለ ሆነ ያለ ትርጓሜ እንደምንረዳው ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ ስለ ሥራ ፈትነታቸው ተጠየቁ፤ ቀጣሪ አለማግኘታቸውንም ሳይደብቁ ተናገሩ። ወደየቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘግተው ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ባላገኛቸውም ነበር።

በስደት የምንኖር ሰዎች ሥራ ስናጣ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሥራ ማጣት ይጎዳል፤ ማጣቱን መሸሸግ ግን ከዚያ ይልቅ እንደሚጎዳ አምናለሁ። ይህንም ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሰባት ዓመት ያገለገልሁበት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዱ ሆንሁ። ለባለቤቴ ነገርኋት፤ ከእርሷ በቀር ግን ለማንም አልተነፈስሁም። ጎረቤቶቻችን የአገራችን ሰዎች ስለ ነበሩ በየማለዳው እንደ ቀድሞው ክራባቴን አስሬ፣ ምሳዬን በቦርሳ ይዤ እወጣ ነበር። የምሄደውም ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። በዚያ ማሞቂያ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ የሚጠይቅም የለም። በሁለተኛው ሳምንት በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ያገሬን ሰው አገኘሁ። እርሱም ክራባት አስሯል፣ ቦርሳ ይዟል። ሁለታችንም የዓመት ፈቃድ ላይ ነን ተባባልን። በማግሥቱም እዚያው ተገናኘን።

ይህ የሚያስቅ ቢመስልም ፍጻሜው አያስቅም። የሚሸሸግ ሰው አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ሲታደል አይቆይም፤ «ሥራ እንዴት ነው?» የሚል ሰው አይጠፋምና። ቀጥሎ ከዕቁቡ ይወጣል፤ ምክንያቱንም ሌላ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ጭራሹን ይቀራል። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ደግሞ የእናቱን መድኃኒት፣ የእኅቱን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ «እልካለሁ» ይልና በብድር ይልካል። እንዲህ ሆኖ ስድስት ወር የቆየ ሰው ሥራ ቢያገኝ እንኳ የመጀመሪያውን ዓመት የሚሠራው ለዕዳው ነው። ለአገር ቤት ቤተ ሰብ እውነቱን መናገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚያ ያሉት በእንግሊዝ አገር ሥራ መጥፋቱን ለማመን ይቸገራሉ። ነገር ግን «እስከ ፋሲካ ልልክ አልችልም» የሚል አንድ አጭር ቃል ከብዙ ወር ተስፋ ይሻላል።

ሥራ ማጣት በሰው ላይ የሚያደርሰውን ነገር ከሁሉ አስቀድመው በጥንቃቄ ካጠኑት መካከል ማሪ ያሆዳ የተባሉት ኦስትሪያዊት ይገኙበታል። ከቪየና ብዙም በማትርቀው ማሪየንታል በምትባል መንደር ሕዝቡ ሁሉ የሚተዳደርበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ተዘጋ። ያሆዳና ባልደረቦቻቸው ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል የመንደሩን ሰዎች ኑሮ ተከታትለው ውጤቱን በ1933 አሳተሙ። ብዙዎች ሥራ ያጣ ሰው ጊዜ ስለሚያገኝ ያነብባል፣ ይማራል፣ ይወያያል ብለው ይገምቱ ነበር። የታየው ግን ሌላ ሆነ። ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወጣው መጽሐፍ ቀነሰ። አብዛኞቹ ወንዶች የእጅም ሆነ የኪስ ሰዓት መያዝ ተዉ። በመንገድ ላይ የሚሄዱበት ፍጥነት ሲለካ ከሴቶቹ ይልቅ ቀስ ብለው የሚራመዱትና ብዙ ጊዜ የሚቆሙት ወንዶቹ ነበሩ፤ ሴቶቹ የቤት ሥራ ስለ ነበረባቸው ቀናቸው ሥርዓቱን አላጣም። ያሆዳ ኋላ በ1982 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳብራሩት ሥራ ከደመወዝ ሌላ አምስት ነገር ይሰጣል፦ የቀን ሥርዓት፣ ከቤተ ሰብ ውጭ ያለ ግንኙነት፣ የጋራ ዓላማ፣ በማኅበረ ሰብ ዘንድ ስምና ደረጃ፣ ዘወትር መንቀሳቀስ። ሥራ ሲጠፋ እነዚህ አምስቱ አብረው ይጠፋሉ።

ይህን የጻፉት ሴት እንደ እኛ ስደተኛ ነበሩ። በ1936 በአገራቸው ታስረው በማግሥቱ ዓመት አገር ለቅቀው እንዲወጡ ተደርገው ወደ እንግሊዝ መጡ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው በ2001 በዚሁ አገር አረፉ።

እንግዲህ ከአምስቱ ነገሮች አራቱን ያህል ደመወዝ ሳይኖር ልንተካቸው እንችላለን፤ ሆኖም ተሸሽጎ የሚተካቸው የለም። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብቡትን ወጣቶች ያላየ የከተማው ልጅ አይኖርም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ጋዜጣውን ይቀባበላሉ፤ «ይኼ ላንተ ይሆናል» ይባባላሉ። ችግራቸው ከእኛ ቢበዛ እንጂ አያንስም፤ ብቸኝነቱ ግን የለባቸውም። በለንደን እያንዳንዱ በየክፍሉ ከኮምፒዩተር ፊት ለብቻው ተቀምጦ ማመልከቻ ይልካል፤ ውድቀቱንም ለብቻው ያነብባል።

መሸሸግ ሥራውን ራሱን እንደሚያርቅ የሚያሳይ ሌላ ጥናት አለ። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በቦስተን አቅራቢያ የሚኖሩ ባለሙያዎችን ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ ጠየቁ። በሰው በኩል ካገኙት መካከል ወሬውን የነገራቸውን ሰው ዘወትር ያገኙት የነበሩ ከመቶ 17 አይሞሉም። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው የሰሙት። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን። ከእኛ የተለየ ወሬ ያለው በክርስትና ድግስ ላይ አንድ ጊዜ የተዋወቅነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በደጀ ሰላም ሰላምታ የምንለዋወጠው ሰው ነው። ተሸሽጎ የሚኖር ሰው አስቀድሞ የሚቆርጠው ደግሞ ይህን ሰው ነው።

ስለ ፍለጋው ውጣ ውረድ ደግሞ ጥቂት ልበል። ማመልከቻ የላከ ሰው ሳምንቱ እንደ ባሕር ማዕበል ነው። ሰኞ ስልክ ተደውሎ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ልቡ ሰማይ ይደርሳል፤ ሐሙስ «እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ደብዳቤም አይመጣም። እኔ ከብዙ መሰናከል በኋላ የተማርሁት ነገር ቢኖር የአንዱን መልስ እየጠበቁ ሌላውን መላክ አለማቋረጥ ነው፤ በአንድ ማመልከቻ ላይ የተንጠለጠለ ተስፋ ሲበጠስ አብሮ የሚወድቅ ብዙ ነውና። ሁለተኛም፣ ውል ሳይፈረም ለዘመድ አለማብሠር።

እምቢታውን ሁሉ የራስ ጉድለት አድርጎ መቍጠርም እውነት አይደለም። በ2009 ይፋ የሆነ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ያስጠናው አንድ ጥናት አለ። በብቃት እኩል የሆኑ፣ በስም ብቻ የሚለያዩ ሦስት ሦስት ማመልከቻዎች ወደ 987 ክፍት የሥራ ቦታዎች ተላኩ። የነጭ እንግሊዛዊ ስም ያለው አንድ በጎ መልስ ለማግኘት 9 ማመልከቻ ሲበቃው፣ የሌላ ዘር መሆኑን የሚያሳይ ስም ያለው 16 አስፈልጎታል። ይህ ግፍ ነው፤ ግፍነቱን መናገርም ተገቢ ነው። ለሥራ ፈላጊው ግን ሌላም ነገር ይነግረዋል፦ በአሥረኛው ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው ገና ከመንገዱ እኩሌታ ጥቂት አለፍ ማለቱ ነበር።

ቃለ መጠይቅን በሚመለከት ችግራችን ቋንቋ ብቻ አይደለም። ከልጅነታችን በታላቅ ፊት ዐይናችንን ዝቅ እንድናደርግ፣ ራሳችንን እንዳናመሰግን፣ «እኔ» ከማለት «እኛ» እንድንል ተምረናል። እዚህ አገር ዐይኑን ዝቅ ያደረገ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል፤ «እኛ ሠራን» ያለም «ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?» ይባላል። በአገር ቤት ለብዙ ዓመት ያስተማረች አንዲት እኅት ከሥራሽ የምትኰሪበትን ንገሪን ስትባል «ትምህርት ቤታችን ጥሩ ነበር» ብላ ዝም አለች። ከሰማንያ በላይ ተማሪ በሞላበት ክፍል ያለ በቂ መጽሐፍ ማስተማሯን አልተናገረችም፤ ትምክሕት መስሎ ታየቻት። በሸንጎ የቆመ ምስክር ግን ያየውንና ያደረገውን ሲናገር ትምክሕተኛ አይባልም። ችግሩ ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ምን ውጤት ተገኘ? አምስት ወይም ስድስት እንዲህ ያሉ ታሪኮችን በመጀመሪያ በአማርኛ መጻፍ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ፣ ኋላም እዚህ በተወለዱት ልጆቻችን ፊት ጮኽ ብሎ መለማመድ ይጠቅማል። ልጆቻችን በዚህ ረገድ ርኅራኄ የሌላቸው መምህራን ናቸው። የአገር ቤት ዲግሪ ያላቸውም ዩኬ ኢኒክ ከሚባለው ድርጅት የምዘና ማስረጃ ማውጣት እንደሚችሉ ይወቁ።

ጆብ ሴንተር መሄድን እንደ ልመና የሚቈጥሩ አሉ። ይህ ቢሮ በመጀመሪያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1910 ሲሆን፣ ዓላማው ሠራተኛው ከአንዱ ፋብሪካ በር ወደ ሌላው እየተንከራተተ እንዳይደክም አሠሪና ሠራተኛ የሚገናኙበት ቦታ እንዲኖር ነበር። ያው የወንጌሉ ገበያ ጣራ ተሠርቶለት ማለት ነው። ሐሳቡን ካፈለቁት አንዱ ዊልያም ቤቨሪጅ ናቸው፤ እኒሁ ሰው በ1933 ከናዚ ጀርመን ለተባረሩ ምሁራን ሥራ የሚፈልግ ማኅበር አቋቁመዋል፤ ማኅበሩም ካራ በሚል ስም ዛሬም ስደተኛ ምሁራንን ይረዳል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት እስከ 35 ሰዓት ሥራ እንዲፈልግ ይጠበቅበታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ ቢያሳልፍ ገንዘቡ ይቀነስበታል። የፈለገውን ሁሉ በደብተር መመዝገብ፣ ታሞ ቢቀርም በጊዜው ማስታወቅ ይገባዋል።

የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ወንድሞችና እኅቶች ነገር የተለየ ነው። እስከ 2002 ክረምት ድረስ አመልካች ስድስት ወር ከቆየ በኋላ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችል ነበር። ያ መብት ከተነሣ በኋላ የመጣው ሥርዓት 12 ወር መጠበቅንና በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ ባሉ ሙያዎች ብቻ መወሰንን አስከትሏል፤ ዝርዝሩም በየጊዜው ስለሚለወጥ የሕግ አማካሪን ሳይጠይቁ እርምጃ መውሰድ አይገባም። ሕግ የከለከለውን ሰው «እስካሁን ሥራ አልያዝህም?» ብሎ መጠየቅ ቁስልን መነካካት ነው።

ይህም ወደ እኛ፣ ወደ ሠራተኞቹ ያመጣናል። «ሥራ ያዝህ?» የሚለው ጥያቄ በቅንነት ቢጠየቅም መልሱ «አይደለም» ከሆነ ሰውዬውን ወደ በሩ ይገፋዋል። «አገር ቤት ሙያህ ምን ነበር? እዚህስ ምን መሥራት ትወዳለህ?» የሚለው ግን ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፤ ጠያቂውም በመሥሪያ ቤቱ ክፍት ቦታ መኖሩን ያስታውሳል።

የቤተ መጻሕፍቱን ሰው ነገር ሳልጨርስ ቀረሁ። በአራተኛው ሳምንት ገደማ ቦርሳውን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ፤ «አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። ነገርሁት፤ እርሱም ነገረኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በየማለዳው አራት ሰዓት ላይ እየተገናኘን አንዳችን የሌላውን ማመልከቻ እናርም፣ ተራ በተራ ጠያቂና ተጠያቂ እየሆንን እንለማመድ ጀመር። በእሑድ ቅዳሴም አብረን መጥተን ጸበል ጸዲቁ እስኪያልቅ ቆየን። እርሱን ለሥራ የጠቈሙት ከዚያ ቀደም በአንድ ለቅሶ ቤት ብቻ ያያቸው እናት ሲሆኑ፣ ልጃቸው በሚሠራበት ቦታ ሰው እንደሚፈለግ በዚያው አዳራሽ ሻይ ሲቀዱልን ነገሩት። እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ አምስት ወር ፈልጌአለሁ። ክራባቴን ግን ለቃለ መጠይቅ ቀን ብቻ ማሰር ጀምሬ ነበር።