ስለ እንጨት መለመጥና ስለ አንድ ወንበር አሠራር

ወንበር ማለት የሰው ገላ የሚያርፍበት ዕቃ ነው። የሰው ገላ ግን እንደ ሣንቃ ዝርግ አይደለም፤ አንዱ ስፍራ የጐበጠ፥ ሌላው የሰረጐደ ነው። ስለዚህ አናጢ ወይ ግንዱን ፈልፍሎ ይሠራዋል፥ ወይ በዝርግ ሣንቃ ላይ ትራስ ይጨምርበታል። መፈልፈል ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ትራስም ገንዘብ ይጠይቃል። ሦስተኛው መንገድ እንጨቱን ለምጦ እንደ ገላው ማድረግ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ኮምፔልሳቶ የሚባለው ነው። ይኸውም ስስ የእንጨት ሉሖች በኮላ ተጣብቀው የተደራረቡበት ነው፤ የአንዱ ሉሕ ጅማት ወደ ቁመቱ ሲሄድ የሚቀጥለው ወደ ጐን ስለሚሄድ እንደ ተራ ሣንቃ ቶሎ አይሰነጠቅም። ኮላው ሳይደርቅ በቅርጽ ላይ ቢጫኑት እንደ ቅርጹ ሆኖ ይደርቃል። ዳሩ ግን ወሰን አለው። ወረቀት ወስደው በክንድ ላይ ቢጠቀልሉት ይታዘዛል፤ በቅል ላይ ሊያለብሱት ቢሞክሩ ግን ይጨማደዳል፥ ቢያስገድዱትም ይቀደዳል። እንጨትም እንዲሁ ወደ አንድ ወገን ይለመጣል እንጂ ባንድ ጊዜ ወደ ሁለት ወገን መጕበጥን እንቢ ይላል።

ይህ ችግር ቻርልስ ኢምዝ የሚባለውን አሜሪካዊ መሐንዲስ ገጠመው። ከባልንጀራው ከኤሮ ሳሪነን ጋራ፥ በኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ባወጣው ውድድር አሸነፈ። ወንበራቸው መቀመጫውና መደገፊያው አንድ ወጥ ነበረ። ሽልማቱ ተገኘ፤ ወንበሩን ግን በብዛት ለመሥራት አልተቻለም። እንጨቱ በጐበጠበት እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ በጨርቅ ሸፈኑት።

በ1941 ቻርልስ ሠዓሊቱን ሬይን አገባና ወደ ሎስ አንጄለስ ሄዱ። በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ መጫኛ መሣሪያ አበጁ፤ ቅርጹ ጄሶ፥ ሙቀቱ ከኤሌክትሪክ፥ ሉሖቹን የሚጫነውም በብስክሌት ጐማ መንፊያ የሚነፋ ከረጢት ነበረ።

ጊዜው የጦርነት ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግራቸው የተሰበረውን ቁስለኞች የሚያስርበት መደገፊያ ብረት ስለ ነበረ፥ ቁስለኛው በጉዞ ሲንገጫገጭ ብረቱ እየተንቀጠቀጠ ሥቃዩን ያበዛበት ነበር። ባልና ሚስቱ የቻርልስን እግር አብነት አድርገው ከኮምፔልሳቶ መደገፊያ ሠሩ። እንጨቱ በጣም በሚጨነቅበት ስፍራ ቀዳዳ አወጡለት፤ ቀዳዳውም ለሁለት ነገር በጀ፥ እንጨቱን ከመሰንጠቅ አዳነው፥ የቁስል መጠቅለያውም በዚያ አለፈ። ባሕር ኃይሉ በ1942 በመጀመሪያው ትእዛዙ 5,000 አዘዘ፤ ጦርነቱ በ1945 እስኪያልቅ 150,000 ያህል ተሠራ።

ወደ ወንበሩ ሲመለሱ አንድ ወጥ ማድረጉን ተዉት። መቀመጫውን ለብቻ፥ መደገፊያውን ለብቻ በጥቂቱ ለምጠው በማያያዣ አገናኙአቸው፤ በመካከሉም ጐማ ስላኖሩ፥ የተቀመጠው ሰው ወደ ኋላ ሲል መደገፊያው በመጠኑ ይከተለዋል። ትራስ ሳይኖረው ይመቻል። በ1946 በዚያው ቤተ መዘክር ታየ፤ ኋላም ኸርማን ሚለር የተባለው ኩባንያ ሥራውን ተረከበ።

አንድ ወጥ የሆነው ወንበር ግን በ1950 ለገበያ ቀረበ፤ የተሠራውም ከእንጨት ሳይሆን ከመስተዋት ክርና ከፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር ገና ሳይጠነክር በቅርጽ ውስጥ የሚጫን ስለ ሆነ፥ እንደ ቅል በየወገኑ ቢያጐብጡት አይሰነጠቅም።